የጀልባ ሞተር ለምን ይግላል? እንዴትስ ይጠበቃል?

የሙያና የሳይንስ ዓምድ

ከእናንተ መካከል ወደዚህ ካምፕ ከመምጣታችሁ በፊት ካርቱም ውስጥ ዐማራት ሰፈር የኖራችሁ ጥቂት አይደላችሁም። ጦርነቱ በኤፕሪል 2023 (ሚያዝያ 2015 ዓ.ም) ከመነሳቱ በፊት ዐማራት ብዙ ሐበሻ የሚሠራበት፣ የሚገናኝበትና ቡና የሚጠጣበት ሰፈር ነበር። በግንቦት ወር እኩለ ቀን ላይ በቁጥር በሚጠሩት መንገዶቹ ያለፈ ሰው አንድ ነገር ሳያይ አይቀርም። አንድ አምጃድ ተከፍቶ ቆሟል፤ ከውስጡ እንፋሎት ይወጣል፤ ሾፌሩ ጀሪካን ይዞ እስኪበርድለት ይጠብቃል። አጠገቡ ደግሞ ራክሻ፣ በአገራችን ባጃጅ የምንለው፣ እየተንጣጣ ያልፋል።

ከዐማራት ወደ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄደን ጥቁር ዓባይ ዳር ብንደርስ ደግሞ ከዚህ የባሰ የሚያስገርም ነገር እናያለን። ዙሪያውን በውሃ የተከበበ ጀልባ ሞተሩ ግሎ ወንዙ መሐል ይቆማል። ውሃ ላይ ያለ ሞተር እንዴት በሙቀት ይሞታል? በዚህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ እንሰጣለን፤ ቀጥሎም በጀልባ ሆድ ውስጥ የተተከለ ሞተር ማቀዝቀዣው እንዴት እንደሚጠበቅ ደረጃ በደረጃ እናያለን። ትምህርቱ ለፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ይጠቅማችኋል። ነገ በጣና ሐይቅ፣ በዓባይ ወይም በሌላ አገር ውሃ ላይ ሠርታችሁ ለመብላት ለምታስቡ፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ ደግሞ ሙያ ነው። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

1. ሞተር ሙቀቱን ከየት ያመጣዋል?

በሲሊንደር ውስጥ ናፍታ ወይም ቤንዚን ሲቃጠል የእሳቱ ሙቀት ለቅጽበት ከ2000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። ብዙ ጊዜ ፒስቶን የሚሠራበት አልሙኒየም ግን 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። እንግዲህ ሞተሩ ሳይቀልጥ የሚሠራው ሙቀቱ ያለማቋረጥ ስለሚወሰድለት ብቻ ነው ማለት ነው።

ከነዳጁ ከሚገኘው ኃይል ሁሉ ጀልባውን የሚገፋው በግምት ሲሶው ነው። ሌላው ሲሶ ከጭሱ ጋር ይወጣል። የቀረው ሲሶ ወደ ሞተሩ ብረት ይገባል፤ ይህንን ነው ማቀዝቀዣው ተሸክሞ ማውጣት ያለበት።

ሙቀቱ ካልወጣስ? በመጀመሪያ የሞተሩ ዘይት ይቀጥናል፤ ብረትን ከብረት መለየት ያቅተዋል። ቀጥሎ ፒስቶኑ በሙቀት ያብጥና ሲሊንደሩን ነክሶ ይይዛል። ከላይ የሚከደነው ቴስታታ ይጣመማል፤ በመካከሉ ያለው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል። ያን ጊዜ ውሃው ከዘይት ጋር ይደባለቃል፤ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ብትመዙት ወተት የነካው ሻይ መስሎ ታገኙታላችሁ። ይህ ሁሉ የሚሆነው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። አንድ ጀልባ ቤተሰብ የሚያበላ ከሆነ የዚያ ቤተሰብ እንጀራ በእነዚያ ደቂቃዎች ይጠፋል።

2. ሦስት ዓይነት ማቀዝቀዣ

ሙቀት ሁልጊዜ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በበዛ መጠን ቶሎ ይሄዳል። ይህን ሕግ ይዘን ያየናቸውን እንመርምር።

ሀ. ራክሻ፦ ብዙዎቹ ራክሻዎች ሞተራቸው በነፋስ ይቀዘቅዛል። ሲሊንደሩ ዙሪያውን እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩ የብረት ክንፎች አሉት። ክንፎቹ ብረቱ ነፋስ የሚያገኝበትን ገጽ ያበዙለታል። ሞተሩ ትንሽ ስለሆነ ይህ ይበቃዋል።

ለ. አምጃድ፦ ውሃ በሞተሩ ውስጥ ይዞርና ሙቀቱን ወደ ራዲያተር ያደርሳል፤ ራዲያተሩ ለነፋስ ይሰጠዋል። ውሃው 90 ዲግሪ ነው እንበል። አየሩ 20 ዲግሪ በሆነበት በአዲስ አበባ ልዩነቱ 70 ዲግሪ ነው። አየሩ 45 ዲግሪ በሚደርስበት በካርቱም ግን ልዩነቱ 45 ብቻ ይሆናል። ሞተሩ ያው ነው፤ ሙቀቱን የሚቀበለው አየር ግን አቅሙ ቀንሷል። የዐማራቱ አምጃድ የቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐ. ጀልባ፦ የጀልባ ሞተር በጀልባው ሆድ ውስጥ በሳጥን ተከድኖ ስለሚቀመጥ ነፋስ አያገኝም። ነገር ግን ከሥሩ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ የሚሆን ውሃ አለ። ውሃ ከአየር ይልቅ ሙቀት መሸከም ይችላል፤ አንድ ኪሎ ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4200 ጁል ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ የጀልባ ሞተር ወንዙን ራሱን ራዲያተር ያደርገዋል።

እስቲ እናስላው። አንድ ሞተር 30 ኪሎዋት ሥራ ሲሠራ ወደ 30 ኪሎዋት የሚጠጋ ሙቀት፣ ማለትም በሰከንድ 30,000 ጁል፣ ወደ ማቀዝቀዣው ይገባል። ፖምፓው በሰከንድ 1 ሊትር የወንዝ ውሃ ቢያሳልፍ ውሃው የሚሞቀው 30,000 ÷ 4200 = 7 ዲግሪ ያህል ነው። 28 ዲግሪ የገባው 35 ሆኖ ይወጣል፤ ይህ ምንም አይደል። መንገዱ ተዘግቶ በሰከንድ ሩብ ሊትር ብቻ ቢያልፍ ግን 28 ዲግሪ ይጨምርና 56 ሆኖ ይወጣል። ከዚያም ቢያንስ ሞተሩ ራሱን ማዳን ይሳነዋል። ስለሆነም የጀልባ ማቀዝቀዣ ጥገና ቁም ነገሩ አንድ ነው፤ ይኸውም ውሃው ያለ እንቅፋት እንዲያልፍ ማድረግ።

3. ሁለቱ ውሃዎች

በአብዛኛው የጀልባ ሞተር ውስጥ የማይደባለቁ ሁለት ውሃዎች ይዞራሉ። ይህንን ሳይለዩ ጥገና መጀመር ስህተት ነው።

የመጀመሪያው የወንዙ ውሃ ነው። በጀልባው ሥር ካለው ቀዳዳ ይገባል፤ መዝጊያ ቫልቩን ያልፋል፤ ቆሻሻ በሚያስቀር ማጥለያ ይጠለላል፤ የላስቲክ ክንፎች ባሉት ፖምፓ ይሳባል። ከዚያ ወደ ሙቀት ማለዋወጫው ይገባል። ይህ በውስጡ ብዙ ቀጫጭን የነሐስ ወይም የመዳብ ቱቦዎች የታጨቁበት በርሜል መሳይ ዕቃ ነው። የወንዙ ውሃ በቱቦዎቹ ውስጥ፣ የሞተሩ ውሃ ደግሞ በቱቦዎቹ ዙሪያ ያልፋል፤ ሳይነካኩ ሙቀት ይለዋወጣሉ። በመጨረሻ የወንዙ ውሃ ወደ ጭስ ማውጫው ይገባና ጭሱን አብርዶ አብሮት ወደ ውጭ ይተፋል። የጀልባ ጭስ ማውጫ ውሃ የሚተፋው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የውስጥ ውሃ ነው። ይህ ንጹሕ ውሃና የራዲያተር ፈሳሽ የተቀላቀለበት ነው። ከሞተሩ አይወጣም፤ በቺንጋ በሚዞር ሌላ ፖምፓ እየተገፋ በሞተሩና በሙቀት ማለዋወጫው መካከል ይመላለሳል። መንገዱን የሚከፍትና የሚዘጋው ቴርሞስታት ነው።

ሌሎች ዓይነቶችም አሉ። በአንዳንድ ጀልባ የወንዙ ውሃ በቀጥታ በሞተሩ ውስጥ ያልፋል፤ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ነገር ግን ጭቃው የሞተሩን ሆድ ይሞላዋል። በአንዳንዱ ደግሞ የውስጡ ውሃ ከጀልባው ሥር ከውጭ በተዘረጉ ቱቦዎች ዞሮ ይመለሳል፤ ወንዙ ከውጭ እያለፈ ያበርደዋል። ይህኛው የወንዝ ውሃ ወደ ውስጥ ስለማይስብ ለደፍራሽ ወንዝ እጅግ ይስማማል። ጀልባ ስትይዙ መጀመሪያ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ጠይቁ።

4. ዓባይ ይዞት የሚመጣው

«ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲባል ሰምታችኋል። ለጀልባ ሠራተኛ ይህ ተረት ብቻ አይደለም። ካርቱም ላይ ጥቁር ዓባይ ከሐምሌ እስከ መስከረም ይሞላል፤ ሱዳኖች ወቅቱን ደሚራ ይሉታል። ውሃው ከጎጃም፣ ከጎንደርና ከወሎ ደጋ የታጠበውን አፈር ይዞ ስለሚመጣ ቡናማ ይሆናል። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በ2020 ውሃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ከዚህ ደለል አንድ ክፍሉ ከግድቡ ኋላ ይቀራል። ሆኖም ከግድቡ በታች ያለው ወንዝም ጎርፍና አፈር አያጣም።

ነጭ ዓባይ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ውሃው ዝግ ያለ ነው፤ እንቦጭ የተባለው ተንሳፋፊ አረም ከ1958 ጀምሮ በሱዳን ነጭ ዓባይ ላይ ታይቷል። ይኸው አረም በ2011 በጣና ሐይቅ ላይም ታይቶ ለዓሣ አጥማጆችና ለጀልባ ሠራተኞች ጠላት ሆኗል። በዚህ ሁሉ ላይ የከተማ ፕላስቲክ ከረጢት ይጨመራል። እንግዲህ ለሞተሩ ሦስት ጠላቶች አሉ። ደለሉ የፖምፓውን ላስቲክ እንደ አሸዋ ወረቀት ይሞርዳል፣ ቱቦዎቹንም ይደፍናል። አረሙ ማጥለያውን ይሞላል። ከረጢቱ ከሥር ያለውን ቀዳዳ እንደ ክዳን ይለጥፈዋል።

5. የዘወትር ጥበቃ

ሀ. በየቀኑ፣ ሞተር ከመነሳቱ በፊት

1ኛ፣ መዝጊያ ቫልቩ መከፈቱን በእጃችሁ ነክታችሁ አረጋግጡ።

2ኛ፣ ማጥለያውን አጽዱ። ማጥለያው ከመከፈቱ በፊት ቫልቩ መዘጋት አለበት፤ አለበለዚያ ወንዙ በቀዳዳው ወደ ጀልባው ይገባል። ጽዳቱ ሲያበቃ ቫልቩ እንደገና ይከፈታል።

ይህችን ሁለተኛዋን ነጥብ ያለ ምክንያት አላሰፋኋትም። እኔ ራሴ በወጣትነቴ በጥቁር ዓባይ ላይ የጀልባ ረዳት ሆኜ ስሠራ በአንድ የደሚራ ጠዋት ማጥለያውን አጸዳሁና ቫልቩን ሳልከፍት ረሳሁት። ሰዎች እየገቡ ነበር፤ ተቻኮልኩ። ሞተሩ ያለ ውሃ ተነሳ። ወንዙ መሐል ስንደርስ የተቃጠለ ጎማ ሸተተን፤ ከጭስ ማውጫው ውሃ አይወጣም፤ ሞተሩ ቆመ። ጀልባው ጎኑን ለጎርፉ ሰጥቶ ወደ ታች መንሸራተት ጀመረ። ሴቶች ልጆቻቸውን አቀፉ፤ ማንም አልጮኸም፤ ዝምታው ነው እስከ ዛሬ የሚሰማኝ። ባለ ጀልባው መልህቁን ጥሎ ያዘንና ሌላ ጀልባ ደረሰልን። ጉዳት አልደረሰም። ባለ ጀልባው ቀኑን ሙሉ አልተናገረኝም፤ ማታ ላይ ግን የሞተሩን ቁልፍ በገመድ አስሮ ከቫልቩ እጀታ ላይ ሰቀለና «ከእንግዲህ ቁልፉ የሚያድረው እዚህ ነው» አለኝ። ሞተሩን ለማስነሳት ቁልፉን የሚሻ ሰው ቫልቩን ሳይነካ አያልፍም። ይህን ዘዴ እናንተም ያዙት።

3ኛ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዳለ የውስጡን ውሃ መጠን እዩ። በየቀኑ የሚጎድል ከሆነ የሚያፈስ ቦታ አለ፤ መሙላት ብቻ መፍትሔ አይደለም።

4ኛ፣ ቺንጋውን በአውራ ጣት ተጫኑት። በሁለቱ ፑሌዎች መካከል በግምት አንድ ሴንቲ ሜትር ቢገባ ደህና ነው። ከላላ ይንሸራተታል፤ ከጠበቀ የፖምፓውን ኩሽኔታ ይበላል። ከተሰነጠቀ ይለወጥ።

5ኛ፣ የላስቲክ ቱቦዎቹን ጨመቅ ጨመቅ አድርጉ። የለሰለሰ፣ ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ቱቦ ይለወጣል። ማሰሪያ ፋሸታዎቹን በካቻቢቴ ጠበቅ አድርጉ።

6ኛ፣ ሞተሩ እንደተነሳ ወዲያው ወደ ጭስ ማውጫው ተመልከቱ። ውሃ እየተፋ ነው? ጥሩ። ውሃው ከትናንቱ ከቀነሰ ወይም ነጭ እንፋሎት ከበዛ አትነሱ። ይህ ምርመራ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ ከሁሉም በላይ ግን የሚያድናችሁ እሱ ነው።

ለ. የፖምፓው ላስቲክ

የወንዙን ውሃ የሚስበው ፖምፓ በውስጡ ከላስቲክ የተሠራ፣ እንደ አበባ ቅጠል ዙሪያውን ክንፍ ያለው መሽከርከሪያ አለው፤ ኢምፔለር ይባላል። ላስቲኩን የሚያለሰልሰውና የሚያበርደው የሚስበው ውሃ ራሱ ነው። ያለ ውሃ ከዞረ በደቂቃ ውስጥ ይቃጠላል። በንጹሕ ውሃ ላይ በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ከ200 እስከ 300 ሰዓት ሥራ በኋላ መለወጡ የተለመደ ነው፤ በደፍራሽ ወንዝ ግን ከዚያ ቀድሞ መመርመር ይኖርበታል። አለዋወጡ እንዲህ ነው፦

- ሞተሩን አጥፉ፤ መዝጊያ ቫልቩን ዝጉ።
- የፖምፓውን ክዳን ቡሎኖች ፈትታችሁ በአንድ ጣሳ አስቀምጡ። አንድ ቡሎን ውሃ ውስጥ ከወደቀ ሥራው ቆመ ማለት ነው።
- ክንፎቹ ወደየት አቅጣጫ እንደተጎነበሱ ተመልክታችሁ በወረቀት ላይ ሳሉት።
- ላስቲኩን በፒንሳ ቀስ ብላችሁ ሳቡት፤ የፖምፓውን ግድግዳ አትጫሩ።
- ክንፎቹን ቁጠሩ፤ በጣት ጎንበስ እያደረጋችሁ ሥራቸው መሰንጠቁን እዩ። አንድ ክንፍ ከጎደለ የትም አልጠፋም፤ ወደ ሙቀት ማለዋወጫው አፍ ሄዶ መንገድ ዘግቷል። ተፈልጎ መውጣት አለበት።
- አዲሱን በሳሙና ውሃ አርጥባችሁ ፖምፓው በሚዞርበት አቅጣጫ እያዞራችሁ አስገቡት። የሞተር ዘይት ወይም ግራሶ አትቀቡት፤ ብዙውን ዓይነት ላስቲክ ያበላሻል።
- አዲስ ጓርኒሲዮን አድርጋችሁ ክዳኑን ግጠሙ፤ ቫልቩን ክፈቱ፤ ሞተሩን አስነሱና ጭስ ማውጫውን እዩ።

በጀልባው ላይ ሁልጊዜ አንድ መለወጫ ላስቲክ ይኑር። ከገበያው ርቆ ወንዝ መሐል ላይ በወርቅም አይገዛም።

ሐ. ሙቀት ማለዋወጫው

ከደሚራ በኋላ የሙቀት ማለዋወጫው ጫፍና ጫፍ ክዳኖች ተከፍተው ቱቦዎቹ ይታያሉ። በብርሃን አቅጣጫ ብታዩባቸው ወዲያ ማዶ መታየት አለበት። የተደፈነ ካለ ከቱቦው በሚቀጥን የእንጨት ዘንግ በቀስታ ግፉት፤ በሹል ብረት አትወጉት፤ የቱቦው ግድግዳ ስስ ነውና። አንድ ቱቦ ከተቀደደ ሁለቱ ውሃዎች ይደባለቃሉ።

ብዙ ጊዜ ውሃ የፈላበትን ጀበና ወይም ማንቆርቆሪያ ውስጡን አይታችኋል? ነጭ ቅርፊት ይይዛል። ያው ቅርፊት በቱቦዎቹ ውስጥም ይጋገርና ሙቀት እንዳያልፍ ያደርጋል። በደካማ አሲድ፣ ለምሳሌ በኮምጣጤ፣ ይሟሟል፤ ከዚያ በብዙ ውሃ ይታጠባል። ጠንካራ አሲድ ግን ብረቱንም ስለሚበላ አትጠቀሙ።

በአንዳንድ ሞተር ላይ ሌሎቹን ክፍሎች ከዝገት ለማዳን ራሱ ቀድሞ የሚበላ የብረት ዘንግ ይገባል። በጨው ባሕር፣ ለምሳሌ በፖርት ሱዳን፣ ከዚንክ የተሠራ ይደረጋል፤ በወንዝና በሐይቅ ውሃ ግን ማግኒዚየም ይሻላል። ግማሹ ከተበላ ይለወጣል።

መ. የውስጡ ውሃና ቴርሞስታቱ

በውስጠኛው ክፍል የወንዝ ውሃ አትጨምሩ። የተጣራ ውሃ ከተገኘ እሱ፣ ካልተገኘ ንጹሕ የዝናብ ውሃ፣ በአምራቹ ከታዘዘው ፈሳሽ ጋር ይቀላቀላል። ብዙውን ጊዜ ግማሽ በግማሽ ነው። ፈሳሹ ዝገት ይከላከላል፤ የመፍያ ነጥቡንም ከፍ ያደርጋል። ነገር ግን አደራ፦ ብዙው የራዲያተር ፈሳሽ መርዝ ነው፤ ጣዕሙም ጣፋጭ ስለሆነ ልጅም ውሻም ይጠጣዋል። በውሃ መጠጫ ጠርሙስ አታስቀምጡት፤ ሲለወጥም ወደ ወንዙ አትድፉት። ያንን ወንዝ ከታች የሚጠጣው ሰው አለ።

ቴርሞስታት ሲበላሽ «አውጥተህ ጣለው» የሚሉ አሉ። ትክክል አይደለም። ሞተር በጣም ሲቀዘቅዝም ነዳጅ ይበላል፣ ያጨሳል፣ ቶሎ ያልቃል። ይልቅስ መርምሩት። ይህን ሙከራ በክፍልም ከመምህር ጋር ልትሠሩት ትችላላችሁ። ቴርሞስታቱን በክር አስራችሁ ውሃ በያዘ ድስት ውስጥ አንጠልጥሉት፤ ድስቱን አይንካ። ቴርሞሜትር አስገቡና ውሃውን አሙቁ። በቴርሞስታቱ ላይ 82 ተብሎ ከተጻፈ 82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል፤ ከ10 ዲግሪ በላይ ሲጨምር ወለል ብሎ ይከፈታል። ውሃው ፈልቶም ካልተከፈተ ሞቷል፤ ይለወጥ።

6. ሞተሩ ከጋለ ምን እናድርግ?

የሙቀት መለኪያው መርፌ ከወጣ አትደንግጡ፤ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

1ኛ፣ ነዳጁን ቀንሱ፤ ሞተሩ በዝግታ ይዙር። ሰዎች ከተቀመጡበት አይነሱ።

2ኛ፣ ጭስ ማውጫውን እዩ። ውሃ እየወጣ ከሆነና መርፌው መውረድ ከጀመረ በዝግታ ወደ ዳር ሂዱ።

3ኛ፣ ውሃ ካልወጣ፣ ዳር ቅርብ ከሆነ ወዲያው ጠጉ፤ ሩቅ ከሆነ መልህቅ ጥላችሁ ሞተሩን አጥፉ። መልህቅ ሳይጣል በጎርፍ መሐል ሞተር ማጥፋት ጀልባውን ለወንዙ አሳልፎ መስጠት ነው።

4ኛ፣ መልህቁ ከያዘ በኋላ ከቀላሉ ጀምሩ፦ ቫልቩ ተከፍቷል? ማጥለያው ንጹሕ ነው? ከሥር ያለውን ቀዳዳ ከረጢት ዘግቶታል? ቱቦ ፈንድቷል? ቺንጋ ተበጥሷል? ላስቲኩ ተቃጥሏል?

5ኛ፣ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ፤ ብረቱ ይሰነጠቃል።

6ኛ፣ የውስጡን ውሃ ክዳን አትክፈቱ። ምክንያቱን እንይ። ባሕር ወለል ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ከባሕር ወለል 380 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው ካርቱም 99 አካባቢ፣ ወደ 1800 ሜትር በሚጠጋው በጣና ሐይቅ ደግሞ 94 አካባቢ ይፈላል። በጠባቂ ክዳን ተዘግቶ ግፊት ሲኖርበት ግን ከ115 ዲግሪ በላይ እንኳ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑን ስትከፍቱ ግፊቱ በቅጽበት ይጠፋል፤ ከውሃው አንድ ክፍሉ ወዲያው ወደ እንፋሎት ይለወጣል። ውሃ እንፋሎት ሲሆን ወደ 1700 እጥፍ ያህል ስፋት ይፈልጋል፤ መውጫው ደግሞ እናንተ ጎንበስ ብላችሁ ያላችሁበት ቀዳዳ ነው። ፊትና ዓይን የሚጠፋው እንዲህ ነው። ክዳኑ በባዶ እጅ ሲነካ እስኪበርድ ድረስ ጠብቁ።

ሰው ከተቃጠለ ወዲያው ንጹሕና ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ያለማቋረጥ አፍስሱበት። ቀለበትና ሰዓት ቶሎ አውልቁለት። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ጭቃ ወይም ዘይት አትቀቡት። የተነፋውን አታፍርጡ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ሐኪም አድርሱት።

7. ማጠቃለያ

የቱቲ ደሴት ሰዎች ከካርቱም የሚያገናኛቸው ድልድይ በ2009 እስኪከፈት ድረስ ለትምህርት፣ ለገበያና ለሕክምና የሚሻገሩት በጀልባና ሱዳኖች ባንቶን በሚሉት መርከብ ነበር። በጣናም ደቅ ደሴትና ሌሎች ደሴቶች ላይ የሚኖር ሰው ዛሬም መንገዱ ውሃው ነው፤ ነፍሰ ጡሯም፣ ታማሚውም፣ ተማሪውም የሚሻገረው በጀልባ ነው። ባለ ሞተሩ ሰው የሚያየው ብረትና ላስቲክ ቢሆንም የያዘው የሰው ነፍስ ነው።

ዛሬ እጃችሁ ላይ ጀልባ የለም፤ ወንዙም ሩቅ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የተማራችሁት ሕግ የውሃ መሳቢያ ፖምፓውንም፣ የመኪናውንም፣ የጄኔሬተሩንም ሞተር ያስረዳችኋል። ሙያ ድንበር ሲሻገሩ የማይወረስ ሻንጣ ነው። አስቀድማችሁ ያዙት።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. አንድ ዓይነት ሞተር ያላቸው ሁለት መኪናዎች አንዱ በአዲስ አበባ፣ አንዱ በካርቱም ይሠራሉ። የካርቱሙ ቶሎ የሚግለው ለምንድን ነው?

2. ወደ ማቀዝቀዣው በሰከንድ 42,000 ጁል ሙቀት ይገባል። ፖምፓው በሰከንድ 2 ሊትር ውሃ ቢያሳልፍ ውሃው በስንት ዲግሪ ይሞቃል? ማጥለያው ተደፍኖ ግማሽ ሊትር ብቻ ቢያልፍስ?

3. ማጥለያ ከመከፈቱ በፊት ምን መደረግ አለበት? ከተዘጋ በኋላስ?

4. የጋለ ሞተር ክዳን የማይከፈተው ለምንድን ነው? «ግፊት» የሚለውን ቃል ተጠቅማችሁ አስረዱ።

5. ከጭስ ማውጫው ውሃ መውጣት ካቆመና ጀልባው ወንዝ መሐል ከሆነ በመጀመሪያ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ደረጃ ምን ታደርጋላችሁ?

መልሶቻችሁን በደብተራችሁ ጽፋችሁ ከመምህራችሁ ጋር ተወያዩባቸው።